የማሽላ ጠባቂው ቅልና የከድጃ ኪኒን

ልጅ ሳለሁ፣ መርሳ ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ጎረቤታችን አያ ይማም ፍም ዳር ቁጭ ብለው፣ ባቄላ የጨመሩበትን ደረቅ ቅል ይነቀንቁ ነበር። ቀጭ ቀጭ! ተረት ሊጀመር ነው። ድምፁ ወልድያ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ያላመነ ይተወው። የእሸቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ያኔ ደጋግመው እንዲያወሩልን የምንለምናቸው የአንድ ማሽላ ጠባቂን ተረት ነበር። ሰውየው ማማው ላይ ሆኖ በየቀኑ ቅሉን ሲያንቀጫቅጭ ዝንጀሮ ድርሽ አይልም። አንድ ቀን «ዝንጀሮ ከሀብሩ አገር ጠፍቷል» አለና ቅሉን ወርውሮ ተኛ። ሲነቃ ማሳው ተላጭቷል፤ የዝንጀሮው አለቃ የሰውየውን ጋቢ ለብሶ፣ ማማው ላይ ቅሉን ያንቀጫቅጫል!

«መቼ ጠፉና?» ይሉን ነበር አያ ይማም። «ድምፁን ፈርተው ጫካ ዳር ተቀምጠው ነበር እንጂ።»

ዘንድሮ ያ ተረት አጠገቤ በምትኖረው የእህቴ ልጅ በከድጃ ላይ ደረሰ። ኤችአይቪ በደሟ አለ። የመርሳ ሰው እንዳያያት መድኃኒቷን የምታመጣው ከወልድያ ነው። ከስታ ሳያት ምን ሆነሽ አልኳት።

«አያ፣ ብልቃጡ ሚኒባስ ውስጥ ተንቀጫቀጨ» አለች አንገቷን ደፍታ። «አንዱ ‹የዚያ በሽታ ኪኒን ነው› ብሎ ለጓደኛው እየጠቀሰ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ከብልቃጡ አውጥቼ፣ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ ጉያዬ እይዘው ጀመር። በላብ ረጥቦ ተፈረፈረ። ደሜ ሲመረመር ቫይረሱ አይታይም ብለውኝ ስለነበር፣ ጠፍቶልኛል ብዬ ተውኩት።»

ደሜ ፈላ! የእኔ የደም ግፊት ኪኒን ኪሴ ውስጥ ከሠርግ ከበሮ በላይ ሲጮህ ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም «ይማርዎ» ይሉኛል። የእሷ ሲሆን ጥርሳቸውን ያሰጣሉ! በምን ዳኝነት? ለአንድ ባለጌ ሳቅ ተብሎ ሕይወት ፌስታል ውስጥ ይቋጠር?

«ተነሽ!» ብዬ ወልድያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ አልተቆጣቻትም። «አይታይም ማለት መድኃኒቱ አፍኖ ይዞታል ማለት ነው፤ ከደምሽ ወጥቷል ማለት አይደለም። ስትተይው ይነሳል» አለቻት። የረጠበውን ተቀበለቻትና፣ ደሟ ከተመረመረ በኋላ አዲስ ሰጠቻት። ከብልቃጡ ሳታወጣ ደረቅ ቦታ እንድታስቀምጠው፣ በየቀኑ በሰዓቱ እንድትውጠው፣ ሌላ መድኃኒት ከመጨመሯ በፊትም እንድትጠይቅ አስጠነቀቀቻት።

ስንመለስ ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ነጠረ፤ የከድጃ ቦርሳ ቀጭ አለ። እጇ ሊያፍነው ሲሮጥ፣ እኔ ኪሴን ይዤ ነቀነቅሁት።

«አባባ፣ ምን ጭነው ነው?» አለ ረዳቱ።

«ማሽላ ጠባቂዎች ነን! ዝንጀሮ እያባረርን ነው።»

ከድጃ ሳቀች፤ እጇንም ከቦርሳው ላይ አነሳች።

ከአያ ይማም ተረት ሁሉ የቀረኝ ያ ድምፅ ነው። ማታ ማታ ከከድጃ ቤት ቀጭ ሲል፣ እንደ ያኔው ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። አንድ ማታ ዝም ቢል ግን፣ በሯን የምሰብረው እኔ ነኝ።