የእሬት መደብ

አህመዲን ለታላቅ እህቱ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠራላት። "ሠራላት" የምንለው እሱ ስለሚል ነው። ብሎኬቱም ብረቱም የተገዛው ዘይነባ ጅዳ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ወለል ወልውላ በላከችው ነው፤ የአህመዲን ድርሻ ጥላ ሥር ቆሞ ግንበኛ መገላመጥ ነበር። በሰኔ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ፣ የፊቱን ክፍሎች ለሱቅ አከራይቶ፣ ፀሐይ የሚያርፍበትን ግቢ ሁሉ ሲሚንቶ አልብሶ ጠበቃት። የተረፈው አፈር በቤቱና በጓሮው አጥር መካከል ያለች ቀጭን ቦታ ናት። ጠዋት ጥቂት ፀሐይ ታያለች፣ ከዚያ ወዲያ ጥላ ነው።

"ይቺ ያንቺ ናት፣ እታለም፤ የፈለግሽውን ትከይባት" አላት፣ አገር እንደሰጠ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

ዘይነባ የፈለገችው የቤቱ ካርታ ላይ ስሟን ማየት ነበር። በጠየቀችው ቁጥር "ማዘጋጃ ቤት ነው ያለው፣ አብሽሪ" ይላታል። ማዘጋጃ ቤቱ ካርታ በአደራ የሚያስቀምጥ ይመስል!

ይባስ ብሎ ስልኩ ላይ የአረብ ቪላ አየና ከደሴ አሥር እሾሃም ክብ ቁልቋል ገዝቶ ጓሮው ላይ ደረደረው። ዘይነባ ጅዳ ላይ የእመቤቷን አትክልት ስትንከባከብ የኖረች ናት።

"እሾሃሙ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል" አለችው። "እዚህ ጥላ ላይ፣ በኛ ክረምት፣ ይበሰብሳል።"

"ቁልቋል ይሞታል እንዴ? ገደል ላይ ሲበቅል አላየሽም?"

አይታለች። ገደሉ ላይ ፎቅ እንዳልተሠራም አይታለች።

ሐምሌ ሳያልቅ ግማሹ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን አስግጎ ቀጠነ፤ ግማሹ ከሥሩ እንደበሰበሰ ድንች ሟሟ። አህመዲን ጥፋተኛውን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። "እጅሽ ነው" አላት።

እሷ ግን ለጥላ የሚሆነውን ታውቃለች፦ እሾህ የሌለው፣ ቅጠሉ ወፍሮ ውሃ የሚይዝ። ከወንዝ ዳር እንዳሁላ አምጥታ አጥሩን አስጠግታ ተከለች። መሐሉን ለእሬት ተወችለት፤ እሬት የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ዝናቡ እንዳይተኛበት አፈሩን ከጠጠር ጋር ደባልቃ መደቡን ከፍ አደረገች፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረች። ቦታው ጠባብ ስለሆነ መደቡ ቀጭንና ረዘም ያለ ሆነ። አህመዲን ዞር ብሎም አላየው።

በመስከረም ቤቱን ሊያስመርቅ በግ አርዶ ዘመድ ጎረቤቱን ጠራ። መራቂው አጎታቸው ሸህ ሙሄ ነበሩ። ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ዞር አሉና ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩ።

"ያ ረቢ! ማን ሞቶባችሁ ነው? ደግሞ ግቢ ውስጥ ይቀበራል እንዴ?"

ድምፃቸውን ሰምቶ ቤተሰቡም እንግዳውም ወደ ጓሮ መጣ። ዘይነባ ያን ጊዜ ነው ያየችው። ከፍ ያለ አፈር፣ ዙሪያውን ድንጋይ፣ ላዩ ላይ እሬት። በአገሯ እሬት የሚተከለው ለመቃብር መሆኑን አሥራ ሁለት ዓመት አስረስቷታል! በራሷ አፈረች። የአበባ መደብ ነው ልትል አፏን ስትከፍት አህመዲን ቀደማት።

"አይፍረዱባት፣ አጎቴ" አለ፣ እንግዶቹን እያየ እየሳቀ። "የአገሩን ወግ አታውቅም፤ እሷ እኮ እዚህ እንግዳ ናት።"

የዘይነባ እፍረት ጠፋ። በምትኩ ንዴት መጣ።

"የሞትኩት እኔ ነኝ፣ አጎቴ። እሱ ከነነፍሴ ቀብሮኛል። በላቤ የቆመው ቤት ካርታ ላይ ስሜ የለም።"

ሸህ ሙሄ ወደ አህመዲን ዞሩ። "ካርታው በማን ስም ነው?"

"ማዘጋጃ ቤት..."

"የት ነው አላልኩህም። በማን ስም ነው?"

"በኔ" አለ አህመዲን፣ ለራሱ ጫማ።

ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። አልተቆጡም፣ አልረገሙም። የአህመዲንን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው "አላህ ያጽናህ" አሉትና ወደ በሩ አመሩ። እንግዶቹም ምሳውን ሳይነኩ ተከተሏቸው፤ ተራ በተራ እጁን እየጨበጡ "አላህ ያጽናህ፣ አህመዲን" እያሉ ወጡ። እህቱ አጠገቡ ቆማለች።