ለግሪኩ የጦር አለቃ የሰጠሁት ሙሾ

ባለቤቴ ካረፈ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ የጎረቤት ድምፅ አይሰማም፤ መጻፍ የሚቀለኝም ይኸኔ ነው። አንድ መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ ድስቱን አይቼ እመለሳለሁ፣ የጻፍኩትን አንብቤ ግማሹን እሰርዛለሁ። መጻፍ የፈለግሁት ስለ አንድ ሙሾ ነው። ሁለት መስመር ብቻ ናት፤ ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣችልኝም።

ባለቤቴ እዚሁ ኮልፌ ታሪክና እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ልቡ ግን የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ዘንድ ነው። ፒያሳ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው የገዛው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የግሪክ ተውኔቶች መጽሐፍ ነበረው። የኔ እንግሊዝኛ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ እየተረጎመ ያነብልኛል። ግሪኮቹ የጻፉትን ሮማውያን እንዴት እንደ ወረሱት፣ ከዚያ መነኮሳት በእጃቸው እየገለበጡ እንዴት እንዳቆዩት ሲያወራ የገዛ ዘሩን የሚቆጥር ይመስላል። “ይኸው ተቀባብለውት ኮልፌ ደረሰ” ይል ነበር፤ “ከዚህ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።”

አንድ ዓመት ከነዚያ ተውኔቶች አንዱን ከተማሪዎቹ ጋር መድረክ ላይ ሊያወጣ ተነሣ። ታሪኩ ከረጅም ጦርነት በመርከብ ተመልሶ፣ ቤቱ በገባበት ቀን ስለሚሞት ንጉሥ ነው። ዳይሬክተሩ ገና ሲሰሙ እጃቸውን አወናጨፉ።

“ንጉሥ? በኔ ትምህርት ቤት ንጉሥ አይሞትም!”

“ጌታዬ፣ በግሪኮች ደንብ እኮ ሞት ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ማንም ሬሳ አያይም።”

“ከመጋረጃ ጀርባም አይሞትም።”

ስለዚህ ንጉሡ የጦር አለቃ ሆነ። ልብስ አላስቸገረም፤ ተማሪዎቹ የየቤታቸውን ጋቢ አመጡ። ጋቢውን በአንድ ትከሻ ሲያጣፉት መጽሐፉ ላይ ካሉት የድንጋይ ሐውልቶች አይለዩም ነበር።

ያስቸገረው ለቅሶው ነው። በግሪኮች ተውኔት ከመድረኩ ዳር ቆመው በኅብረት የሚያዜሙ ሰዎች አሉ። ታሪኩ ውስጥ እጃቸውን አያስገቡም፤ ያያሉ፣ ይፈራሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለቅሳሉ። ባለቤቴ ለቅሶውን ቃል በቃል ተርጉሞ ለልጃገረዶቹ ሰጣቸው። ያን ዕለት ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል።

“የሬዲዮ ዜና አስመሰሉት” አለኝ። “የሚያስፈልገኝ ሙሾ ነው። አንቺ ደግሞ የአልቃሽ ልጅ ነሽ።”

እውነት ነው፤ እናቴ አገር ቤት የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ቃሏን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

“ለማላውቀው ሰው?” አልኩት።

“እናትሽስ የሚያውቋቸውን ብቻ ነበር እንዴ የሚያለቅሱት?”

“ባታውቀውም ቤተሰቡን ትጠይቃለች። እንዴት ይራመድ እንደ ነበር፣ ምን ይወድ እንደ ነበር። ያንተ የጦር አለቃ ምን አለው?”

መጽሐፉን ገለጠ። “የሚያብረቀርቅ ጋሻ።”

“ጋሻ አይለቀስም።”

“እንግዲያው እኔን አስቢ” አለ እየሳቀ። “ሞቼ ብቀር ምን ትያለሽ?”

“ወግድ! ምን ያናግርሃል!”

ተቆጣሁ እንጂ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። በማግስቱ ምስር እየለቀምኩ ቆየብኝ። ባለቤቴ የግቢውን በር ከመግፋቱ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያን ድምፅ ስጠብቅ፣ ባይመጣስ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩትና ሙሾው መጣ፦

ጉሮሮውን ጠርጎ ደጁን የሚገፋ፥
ቆሜ ስጠብቀው ድምፁ ወዴት ጠፋ።

ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ደስ አለኝ። ምስሩን አስቀምጬ እስከ ፌርማታው ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። መንገድ ላይ ነገርኩት። ቆሞ ዐይኑን ጨፈነ። “ይኸው ነው” አለ። “ግሪኮቹ ቢሰሙሽ ይቀኑብሽ ነበር።”

ልጃገረዶቹ ሙሾውን ለማጥናት እኛ ሳሎን መጡ። አማቴ በዚያን ሰሞን ከአገር ቤት መጥተው ጓዳ ተኝተው ነበር። ለቅሶውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ወጡ።

“ኧረ ማን ሞተብን?”

“የግሪክ አገር የጦር አለቃ ነው፣ እማዬ” አለ ባለቤቴ።

“ግሪክ? የዚያ የባለ ግሮሰሪው ግሪክ ዘመድ?”

“ሊሆን ይችላል። ከሞተ ግን ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።”

“ታዲያ እስካሁን አልቀበሩትም?”

ልጆቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። አማቴም ሳቁና ቁጭ ብለው ማዳመጥ ጀመሩ። ሁለተኛ ሲዜም ግን ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ልጃቸው አዩ፣ ወደኔ አዩ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ጓዳ ጠርተው፣

“ይህን ጉሮሮ መጥረግ እኔ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ” አሉኝ። “የማንም የጦር አለቃ አይደለም። ቆሞ ለሚሄድ ሰው ሙሾ አይወጣም፣ ልጄ። አታሟርቺበት።”

“ጨዋታ እኮ ነው፣ እማማ።”

“ተይው እልሻለሁ።”

አልተውኩትም። የተሻለ ስላልነበረኝ ብቻ አይደለም፤ ሙሾው በጣም ጥሩ ስለ ነበረ ነው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተውኔቱ ታየ። ልጃገረዶቹ ሙሾውን ሲያወጡት ከአዳራሹ ኋላ ያሉ እናቶች ደረታቸውን ይዘው አለቀሱ። ባለቤቴ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ዐይኑን በመሐረብ ይጠርጋል። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ጭብጨባ አሁንም እሰማዋለሁ፤ የራሴን እጅ ድምፅ ለይቼ እሰማዋለሁ።

ክረምቱ ሲጠና ደረቱን አመመው። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ መልሰን ያመጣነው ለቀብር ነው።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ዙሪያዬን ቆመው ጠበቁኝ። ተውኔቱን ያዩ ነበሩ፤ ከኔ ብዙ ይጠበቅ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ ያው የተጨበጨበለት ነው። ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ ስለ እጁ፣ ጣቱ ላይ ስለሚቀረው ጠመኔ፣ አንድም አልመጣም። ያንኑ እንዳላወጣው አፈርኩም ፈራሁም። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ከኋላዬ አንዲት ሴት “ለባዕድ ያን ያህል ያስለቀሰች ለባሏ ምነው ነጠፈባት?” ስትል ሰማሁ። አማቴ መለሱላት፤ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም።

“ምን ቀርቷት ታልቅስ? በሕይወት እያለ አልቅሳ ጨርሳዋለች።”

ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። አርባውን አውጥተው አገራቸው ገቡ። እኔም አልፈረድኩባቸውም። ቃል ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ፤ ማንበብና መጻፍ የምችል ሴት ነኝ። ግን ልጃገረዶቹ ጋቢ ለብሰው ሲያለቅሱለት እያየ ከፊት ረድፍ የተቀመጠው ሰው በሁለት ወሩ አለመኖሩን ደግሞ ማን ያስረሳኛል?

በዓመቱ ግንቦት ላይ ልጃገረዶቹ በሬን አንኳኩ። ተውኔቱን ለጋሼ መታሰቢያ ሊደግሙት ነው፤ ሙሾውን እንዳስጠናቸው ፈለጉ።

“ያን ሙሾ አትሉትም” አልኳቸው።

“ምነው እትዬ? ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እኮ እሱን ነው።”

“ባለቤት አለው። ለጦር አለቃችሁ ሌላ እሰጣችኋለሁ።”

ሌላ ሰጠኋቸው፦

ማዕበል ያልዋጠው ጦሩ ያልደረሰው፥
ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ማን ነው የመለሰው።

ቤት ይመታል፣ ለግሪኩም ይስማማል። ከልጃገረዶቹ ደፋሯ ግን “የአምናው ይሻላል፣ እትዬ” አለችኝ። ይሻላል። ሰኔ ላይ ሲያዜሙት ማንም ደረቱን አልያዘም። ሰዎቹ በትሕትና አጨበጨቡ፤ እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ነሐሴ ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ አማቴ መጡ። ምግቡ ተበልቶ ሰው ሲወጣ ሁለታችን ብቻ ሳሎን ቀረን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወደ ግቢው በር እያየሁ፣ ሳላዜም፣ እንደ ተራ ነገር ሙሾውን አልኩት። ድምፄ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

አማቴ የያዙትን ስኒ አስቀመጡ።

“ያኔም ለሱ ነበር?”

“ለሱ ነበር፣ እማማ።”

“አውቀሽ?”

“አውቄ።”

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ አዘቅዝቀው መልሰው ለበሱት፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ወደኔ አላዩም፤ በሩን ነበር የሚያዩት።

“ድገሚው” አሉኝ። “አሁን በዜማ።”