«ጧሪ አለዎት?»

ስድስት ዓመት ሙሉ አረጋውያንን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ መድኃኒት ስታስውጥ ያለቀው ወገቧ እንጂ ትዕግሥቷ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ግን እሱም አለቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ከአንድ ማኅበር ጋር ተፈራርሞ ተንከባካቢዎችን በየቤቱ ይልካል፤ እሷም የማኅበሩ ተቀጣሪ ናት። በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ የሦስተኛ ፎቋ እማማ የሉም። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰው ካልደገፋቸው ከአልጋ የማይነሡ ሴት!

«እኔ ምን ላድርግ? ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ» አላት የማኅበሩ አስተባባሪ። ሄደች። «ማኅበሩን ጠይቂ» አሏት። ኧረ በገላጋይ! ሲፈራረሙ ተቃቅፈው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ሥራ ሲመጣ ግን አይተዋወቁም። በሦስተኛው ምልልስ የማዘጋጃ ቤቱ መዝጋቢ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቅጹን አወጣላት።

«ይኸው፤ ‹ጧሪ አለዎት?› ሲባሉ ‹አለኝ› ብለዋል። ጧሪ ላለው ሰው ደግሞ ተንከባካቢ አንልክም።»

እየበረረች ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

«እማማ፣ የምን ጧሪ ነው ያለዎት?»

«አንቺ ነሻ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«እኔ'ኮ ተቀጥሬ ነው የምመጣው!»

«ታዲያ ለማላውቀው ሰው ጧሪ የለኝም ልበል? በስተርጅናዬ ልዋረድልሽ?»

ጭንቅላቷን ያዘች። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ቢሆንም ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ እንደገና ስትለምን ቆይታ፣ መዝጋቢው ቅጹን ሊያርም ሲመጣ ‹የለኝም› እንዲሉ አስማማቻቸው። አንድ ቃል ናት፤ ምን ይከብዳል?

ሐሙስ ጠዋት ሰውየው መጣና ጥያቄውን ደገመው። እማማ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ቀና አሉ።

«አለኝ! ምን ጎድሎኝ?»

የመዝጋቢው እስክሪብቶ ወደ ወረቀቱ ወረደ። አሁን ከጻፈ አበቃ፤ ከነገ ጀምሮ እኚህን ሴት ከአልጋ የሚያነሣ ሰው የለም።

«የላቸውም!» ብላ ጮኸች። «እኔ ምናቸውም አይደለሁም፤ በደመወዝ ነው የምመጣው። ማንም የላቸውም፤ ይጻፉት!»

ጻፈው። አስፈረማቸውና ተሰናብቶ ወጣ። እፎይ አለች፤ ዝርዝሩ ውስጥ ገቡላት። እማማ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ ደራርበው፣ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም።

የሹራባቸውን ቁልፍ ልትቆልፍላቸው ጎንበስ ስትል እጇን ቀስ አድርገው መለሱት።

«ይተዉት፤ አይድከሙ። እኔው እቆልፈዋለሁ» አሏት። የልጃቸውን ልጅ የምታህለዋን አንቱ አሏት።