የአባቴ የጃፓን ብዕር

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማመልከቻ ማጻፍ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ቤታችንን ያውቀው ነበር። በወጣትነታቸው መንገድ ሊያጠና ለመጣ ጃፓናዊ መሐንዲስ በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው አስተርጓሚ ሆነው እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ አብረውት ተጉዘዋል። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ የቀለም ብዕሩን ሰጣቸው።

ብዕሩ ፊት የሚያሳይ ጥቁር ነው። ክዳኑ ላይ በወርቅ ብናኝ የተሣለች ወፍ ክንፏን ዘርግታ በሸምበቆ ላይ ትበራለች። ሠሪዎቹ የዛፍ ሙጫ እየቀቡ፣ እያደረቁ፣ እየወለወሉ፣ የመጨረሻው ሙጫ ሳይደርቅ ወርቁን እንደሚነሰንሱበት መሐንዲሱ ነግሯቸው ስለነበር እኛም ነገሩን በቃላችን እናውቀዋለን። ማየት ይፈቀድልናል፤ መንካት ግን ክልክል ነው።

ታላቅ ወንድሜ አንድ ጊዜ ነካው። ክዳኑን ሲከፍት አባቴ ደረሱበት። አልጮኹም። ተራ እስክሪብቶዎች አምጥተው በጣቶቹ መካከል ሰገሰጉና እጁን በእጃቸው ጨብጠው ጨመቁት። «ፊደል ያልገባው እጅ ምን ይሠራል?» አሉት። ሲያለቅስ ይበልጥ አጠበቁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታይ ነበር።

ካቻምና አባቴን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከዷቸው፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ አስተምር ነበር፤ ላስታምማቸው ተዛውሬ መጣሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ። ብዕሩን ግራ እጃቸው ላይ ሳኖርላቸው ወፏን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ይዳብሷታል። እኔን እንዲያ ዳብሰውኝ አያውቁም። ቀናሁባት።

ወንድሜ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ዘንድሮ ለትንሣኤ መጣ። ጎኔ ተቀምጦ ስልኩን አሳየኝ፤ የአባቴን ብዕር የሚመስሉ ብዕሮች ተደርድረዋል።

«የወርቁን ሥዕል ማኪኤ ይሉታል» አለኝ። «ይህን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ገዢ አግኝቻለሁ።»

«ወንድም ጋሼ፣ እሳቸው በሕይወት እያሉ?»

«በሕይወት እያሉ ነው ደስ የሚለው።»

የንስሐ አባታችንና ጥቂት ጎረቤቶች ለምሳ ተሰብስበው ነበር። ማዕዱ ተባርኮ ዶሮው እንደ ቀረበ ወንድሜ ተነሣ። ብዕሩን አስቀድሞ ቀለም ሞልቶታል። ክዳኑን ከፈተና በአባቴ የሞተ ቀኝ እጅ ጣቶች መካከል ሻጠው፤ ጭናቸው ላይ ወረቀት ዘረጋ።

«ስምህን ጻፍ» አላቸው።

ሁሉም ቀና አለ። በቤታችን አባቴን «አንተ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«ከጻፍህ ብዕሩ ያንተ ነው። ካልጻፍህ እወስደዋለሁ።»

አባቴ ሞከሩ። በትከሻቸው እየገፉ እጃቸውን ሊጎትቱት ታገሉ። ብዕሩ ተንሸራትቶ ነጭ ጋቢያቸው ላይ ቀለም ተፋ። ምራቃቸው በአገጫቸው ወረደ። አንዲት ጎረቤት ሳቀች፤ ከክፋት ይሁን ከድንጋጤ አላወቅሁም።

«ፊደል ያልገባው እጅ ምን ይሠራል?» አለ ወንድሜ።

«ይበቃል!» ብዬ ክንዱን ያዝሁት። ገፍትሮ ከግድግዳው አጋጨኝ።

«ልጄ፣ እንዲህ ባለ ቀን!» አሉት ቄሱ። «ይቅር በላቸው።»

«ይጠይቀኛ፣ አባታችን! ‹ይቅር በለኝ› ይበልና እተውለታለሁ።»

ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። አንዲት ቃል ለማውጣት ብዙ ይደክማሉ፤ ጠበቅናቸው። ከንፈራቸው ተጣመመ፣ ተንቀጠቀጠ።

«ባ…ለ…ጌ» አሉት።

ወንድሜ ብዕሩን በሶፍት ጠራርጎ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣ። ምሳውን አልቀመሰም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ልጃቸውን ይረግማሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እኔን ያዙ። «አንቺ… ሸጥሽው» ይሉኛል። ሳጎርሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ሰው ሲመጣ በግራ እጃቸው እያመለከቱ «ሌባ» ይላሉ። ያን ቀን ማዕዱ ላይ የሳቀችው ጎረቤታችን ሳትቀር ሁሉን በዓይኗ አይታ እያለች በጥርጣሬ ታየኝ ጀመር።

ወንድሜ ደወለ። «ስለ እኔ ምን ይላል?»

«ምንም። ስለ ብዕሩ ብቻ ነው የሚያወሩት።»

«ሸጥኸው?» አልሁት።

«አልሸጥሁትም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያስ መልስላቸው።»

«ይቅርታ ጠየቀ?»

«አልጠየቁም።»

ዘጋብኝ።

አባቴ እየከሱ ሄዱ። ሐኪሙ እህል ካልቀመሱ እንደማይቆዩ ነገረኝ። አንድ ጠዋት አጥሚት ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አንቺ… ነሽ» አሉኝ።

ማስረዳት ታክቶኝ ነበር። «አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኋቸው። «ሸጬዋለሁ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ግንባራቸው ፈታ አለ፤ ስንት ጊዜ የተሟገተበትን ክስ እንደ ረታ ሰው ትራሳቸው ላይ ተደላደሉ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱልኝ፤ አጥሚቱንም ጨርሰው ጠጡ።

ዛሬም በየማለዳው ይጠይቁኛል። እኔም አምናለሁ፤ እሳቸውም ይበላሉ።