ለጥቁሯ አውራሪስ ያወራሁት

ዛሬ ጠዋት አባቴን ክፉኛ አስደነገጥኳቸው። ቴክሳስ፣ ማኪኒ ከተማ ወዳለው ቤቴ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ አሁን ከጥላ በቀር አይለይም። ሻያቸውን ይዤ ቀስ ብዬ ገባሁና አጠገባቸው ስቆም፣ በርግገው ብርጭቆውን ከእጄ ላይ መቱት። «ሰው ሲመጣ ድምፁን አያሰማም እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። ምንጣፉን ስጠርግ ሳቄ መጣ። በልጅነቴ «ትልቅ ሰው ዘንድ ስትገባ ኮቴህ አይሰማ» እያሉ በኩርኩም ያሳደጉኝ እኚሁ ሰውዬ ናቸው። አርባ ዓመት አልፎኝም እሳቸው ክፍል ስደርስ እግሬ በራሱ ይቀልላል። ይህንኑ ስህተት በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ያኔ የተቆጣችኝ ግን ሰው አልነበረችም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። በዲቪ ገና መምጣቴ ነበር፤ እዚሁ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ከሦስት ያገሬ ልጆች ጋር አፓርትመንት እጋራለሁ። እነሱ ኤርፖርት ሥራ ሲገቡ፣ እኔ አገር ቤት የእንስሳት ጤና ተምሬ ስለነበር ከፎርት ወርዝ ወዲያ ባለ አንድ የዱር እንስሳት ማራቢያ ተቀጠርኩ። ሥራው እበት መዛቅ ነው፤ እኔ ግን ኮራሁበት። መኪና ስላልነበረኝ ሜሮን የምትባል፣ እዚሁ ሪቻርድሰን የሚባል ከተማ ያደገች ያበሻ ልጅ ትወስደኝ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ለሰመር ዕረፍቷ እዚያው ማራቢያው ትሠራለች። ከከተማው ስንወጣ ሜዳው በነሐሴ ፀሐይ ነጥቶ፣ መስኪት የሚሉት እሾሃም ዛፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ይታያል። በሩቁ ግራር ይመስለኝ ነበር።

አውራሪስ ከዚያ በፊት ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። ነጮቹ፣ ነጭ ይባሉ እንጂ ቀለማቸው ከጥቁሮቹ አይለይም፣ ሁለቱም አቧራ ናቸው፤ ነጮቹ እንግዲህ እንደ እድርተኛ አብረው የሚውሉ፣ ሣር ሲግጡ ቀና ብለው የማያዩህ ረጋ ያሉ ናቸው። ባለ አንድ ቀንዱ የህንድ አውራሪስ ደግሞ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ፖም እስኪመጣለት የሚጠብቅ ቅምጥል ነው። ሲናደድ ግን ቀንዱን ትቶ በጥርሱ ይመጣል። ጥቁሯ ብቻዋን ነበረች፤ ዴዚ ትባላለች። የላይኛው ከንፈሯ ሹል ነው፣ ከቅርንጫፍ ላይ አንዲት ቅጠል መርጣ ትቀነጥብበታለች። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ጆሮዋና አፍንጫዋ ግን ጉድ ነው። ከብዳም ነበር፣ ለመውለድ ብዙ አልቀራትም።

በሁለተኛው ሳምንቴ ኃላፊያችን ዳርሊን፣ ፀጉሯ የሸበተ የቴክሳስ ሴት፣ ለዴዚ የአኻያ ቅርንጫፍ እንድሰጥ ላከችኝ። ዴዚን አጥሩ ሥር ስታንቀላፋ አገኘኋት። ያቺን የምታህል እመቤት በጩኸት መቀስቀስ ነውር መሰለኝ፤ አንገቴን ደፍቼ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ ከአጥሩ ውጭ እስከ ጎኗ ድረስ ሄድኩ። ነፋሱ ከእሷ ወደ እኔ ስለነበር ሽታዬም አልደረሳትም። ቅርንጫፉ የአጥሩን ብረት ነካ ሲያደርግ አናፍታ ተነሥታ አጥሩን በግንባሯ መታችው። እኔ በጀርባዬ ወደቅኩ። ስነሣ ከዓይኗ ሥር ደም ሲወርድ አየሁ።

ቁስሉ አመረቀዘ። መድኃኒት የሚደረግላት ጠባብ የብረት መተላለፊያ ውስጥ ገብታ ስትቆም ነው፤ እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ብረቱ ዝር አልልም አለች። የማራቢያው የእንስሳት ሐኪም ሦስት ቀን ሰጠን። ካልገባች በማደንዘዣ ተመትታ ትወድቃለች፤ እንደዚያ ከብዳ ከወደቀች ደግሞ ግልገሏ ሊሞት ይችላል። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እባረራለሁ ብዬ ስጠብቅ ዳርሊን ጠራችኝ።

«ያስፈራሃት አንተ ነህ፣ የምትመልሳትም አንተ ነህ» አለችኝ። «አታይህም። ከበሩ ጀምረህ አውራላት። ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ሊበላ የመጣ ብቻ ነው።»

በማግስቱ በሩ ላይ ቆሜ «ሃይ ዴዚ» አልኩ። ቀጥዬ «ኦኬ» አልኩ። እንግሊዝኛዬ እዚያ ላይ አለቀ። ሜሮን ከኋላዬ ትስቃለች።

«ለምን በኢንግሊሽ? ማለቴ፣ እሷ ኢንግሊሽ አታውቅም እኮ። ሶ፣ በአማርኛ አውራ። ጀስት ስቶፕ እንዳታደርግ።»

«ምን ልበላት?»

«ምሳ ምን በላህ? እሱን ንገራት፣ ኦኬ?»

ነገርኳት። ምስር ወጥ እንደበላሁ፣ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ እንዳሳረረው፣ አሮም እንደጨረስነው። ስለ አባቴም ነገርኳት፤ «ንቄሽ አይደለም፣ ኮቴህ አይሰማ ተብዬ ስላደግኩ ነው» አልኳት። የመጀመሪያውን ቀን ጀርባዋን ሰጠችኝ። በሁለተኛው ቀን ጆሮዎቿ ብቻ ወደ እኔ ዞሩ፣ መጀመሪያ አንዱ፣ ቆይቶ ሌላው።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ የማደንዘዣ ጠመንጃውን ይዞ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ አኻያዬን ይዤ ከበሩ ጀምሬ «መጣሁ፣ እኔ ነኝ፣ ባዶ እጄን አይደለሁም» እያልኩ ወረድኩ። ዴዚ ቆም፣ አሸተት እያደረገች መጣች፤ መተላለፊያው ውስጥም ገባች። ያ ሹል ከንፈር በብረቱ መሃል ወጣና ቅጠሉን ትቶ መጀመሪያ የእጄን ጀርባ ዳሰሰ። ይሞቅ ነበር። ዳርሊን የዴዚን ቁስል አጥባ እስክትጨርስ ድረስ አፌን አላሳረፍኩም። ከፊሉን እያለቀስኩ ነው ያወራሁት።

ቅዝቃዜው ሲገባ ጤነኛ ግልገል ወለደች። ጥቁር አውራሪስ ክፉ ነው ሲባል እስከ ዛሬ አልወድም። እንደዚያ ተጎድቶ እንደዚያ ይቅር የሚል ፍጡር ከሰውም ብዙ አላየሁም።

ሻዩን እንደገና ቀዳሁ። አሁን ከኮሪደሩ ጫፍ ጀመርኩ። «አባዬ፣ መጣሁ፣ እኔ ነኝ፣ ባዶ እጄን አይደለሁም።»

ስገባ ፊታቸው ወደ በሩ ዞሯል። እጃቸውን ዘረጉና ብርጭቆውን ትተው መጀመሪያ የእጄን ጀርባ ዳሰሱ።

«እንዲህ ነው እንጂ! ማን መከረህ?»

«አንዲት እመቤት» አልኳቸው።

«ይባርካት» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።