ደስታ ገባብኝ

ግራና ላይ ሙሉወርቅን የማያውቃት የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ኤርሚያስን ያሳደገችው ፍየል እያረባች ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ኤርሚያስ ዘመተ፤ ስልኩም መብራቱም ጠፋና ወሬው አብሮ ጠፋ። የቀሯት ፍየሎቿ ናቸው።

አንድ ማለዳ እናቲቱን ፍየል አፍንጫዋ ተዝረብርቦ፣ አፏ ቆስሎ አገኘቻት። ወዲያው አወቀችው፤ የፍየል ደስታ ነው። ያን መንጋ ፈጅ በሽታ ደስታ ያሉት የድሮ ሰዎች ናቸው፤ በክፉ ስም ቢጠሩት ይብስበታል ብለው ሲለማመጡት።

ጨርቅ ነጋዴው አብዱልሐሊም ወደ መርሳ ከተማ ሲያልፍ አስቆመችው። «ወንድሜን ግርማን፣ ደስታ ገባብኝ፣ ቶሎ ድረስ ብላሃለች በለው።» የከብት ሐኪሙ የግርማ ጎረቤት ነውና ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለጋትም።

አብዱልሐሊም ግን የከተማ ልጅ ነው። መንገድ ላይ ሲያስበው፣ ደስታ ለሰው ይገባለታል እንጂ ይገባበታል እንዴ፣ አፏን አዳልጧት ነው አለና መርሳ ሲደርስ አቃናው። «ደስታ ገባልኝ ብለዋል።»

ግርማ ከከብት መሃል ያደገ ሰው ነው። ቢሆንም አንድ ወሬ ብቻ ሲጠብቅ የከረመ ጆሮ ሌላ አይሰማም። «ኤርሚያስ መጣ» አለ።

በማግስቱ ሙሉወርቅ የሞቱትን ፍየሎች ከበረት ስትጎትት ከታች እልልታ ሰማች። የግርማ ሚስት የውባለም ድምፅ ነው። ልጄን ይዘውልኝ መጡ ብላ ነጠላዋ እየተጎተተ ቁልቁል ሮጠች።

«የታል?» አለች።

«የታል?» አለ ግርማም፣ ድፎ ዳቦ እንደተሸከመ።

ተያዩ። የውባለም እልልታ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ሐኪሙስ?»

«የምን ሐኪም፣ እታለም? ደስታ ገባልኝ አላልሽም?»

«ገባብኝ ነው ያልሁት።»

አብሯቸው መጥቶ ከኋላ የቆመው አብዱልሐሊም አንገቱን ደፋ። «ወላሂ እትዬ፣ የተሳሳቱ መስሎኝ ነው ያቃናሁት።»

«አንተማ ቃሉን እንደ ቃሉ ሰማኸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ስሙን ያወጣው ነው። ገዳዩን ስናቆላምጠው ኖርን፤ መቼ ማረን? ልጄን የወሰዱት ዕለትም፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ የጀግና እናት ሆንሽ ብለውኛል። እሱም ደስታ ነበር።»

ግርማ ዳቦውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ።

«በል ግርማ፣ ተመለስና ሐኪሙን ጥራልኝ፤ ያልታመሙ ግልገሎች አሉ። ምን ገባ ቢልህ፣ ገዳይ በለው። ኤርሚያስ የመጣ ለታም፣ ልጅሽ መጣ በሉኝ፤ ሌላ እንዳትጨምሩ። እልልታውን እኔው አወጣዋለሁ።»