የአንድ ቀን የጡት ልጅ

በዚያን ጊዜ አዋሳ ውስጥ እንግዳ መቀበል እንኳን በቀበሌ ትእዛዝ ነበር። ጦርነቱ ከምሥራቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች በካሚዮን መጥተው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የቡና መጋዘን ሲራገፉ፣ እኛ የቀበሌው ሴቶች ድስትና ማማሰያ ይዘን እንድንወጣ በጥሩምባ ተለፈፈ። ባይለፈፍስ እንቀር ነበር እንዴ? የወራት ዕድሜ ያላት ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ከየቤቱ ተዋጥቶ በሬ ተገዛ። ሊቀመንበሩ ራሱ ቆሞ አሳረደ፤ አራጁ የሰፈራችን ክርስቲያን ነበር። ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን ወጥ ሠራን፣ ቆጮ ጋገርን። አቅርበን ብንጠብቅ አንድም እጅ አልተዘረጋም። ሽማግሌያቸው በትሕትና፣ "አላህ ይስጥልን፤ እኛ እስላም ነን" አሉ።

አይ የኛ ነገር! ከመካከላችን ይህን የማያውቅ ማን ነበር? ሥጋ ቤቱ እንኳ ለየብቻ ነው። ሠርግ ስንደግስ ለእስላም ጎረቤቶቻችን ለብቻ እናሳርዳለን። ለተፈናቃይ ሲሆን ግን፣ የራበው ሰው ሃይማኖት ያለው አልመሰለንም። ሊቀመንበሩ ተናዶ፣ "ምግብ ነው፣ ይብሉት!" ብሎ ሄደ።

ጥግ ላይ አንዲት አራስ ተቀምጣለች። መንገድ ላይ ነው የወለደችው፤ በረሃብ ጡቷ ነጥፏል። ሽማግሌው፣ "ለጭንቅ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ቅመሺ" ብለዋት ለልጇ ስትል የወጡን መረቅ ፉት አለች፤ ወዲያው አስመለሳት። ሕፃኑ የሚያለቅስበት ድምፅ እንኳ አልቆበት አፉን ብቻ ይከፍታል።

እየሮጥኩ ጎረቤታችን ወደሆኑት ባለሱቅ፣ ወደ ሐጂ ሄድኩ። "ሐጂ፣ ኧረ ይድረሱልን!" አልኳቸው።

"በሬውን ስትገዙ አንዳችሁ እንኳ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ቁጣቸው በረድ አለና፣ "አሁን ሰዓት እላፊ ሊደርስ ነው፣ በግ ከየት ይመጣል? ሲነጋ አርጄ አመጣለሁ፣ ልጄ" አሉኝ።

ለዚያ ሕፃን ግን ንጋት ሩቅ ነበር። ተመለስኩና ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ፣ ከገበያ በለቀምኩት ኦሮምኛ እናቱን፣ "ወዲህ ስጪኝ" አልኳት። እኔን አየች፣ ልጄን አየች።

"ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

"ካጠባሽው ወንድሟ ይሆናል። አይጋቡም።"

እቴ፣ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ የጋብቻ ነገር! "እኔስ መቼ እድርለታለሁ?" አልኳት። ፈገግ አለች። ልጁ መጀመሪያ መሳብ አቃተው። ወተቱን ጨምቄ ጠብ ጠብ አደረግኩለት፤ በስንት መከራ ያዘ። ሲስብ፣ ወለድኩት አልኩ በሆዴ። እናቱ እጄን ይዛ ሳመችኝ። "ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ ሐጂም የምትበዪውን ያመጡልሻል" ብያት ሄድኩ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ልጄን ካንዱ ጡቴ ብቻ አጠባኋት። ሌላው የሱ ነው። ሐጂ የበግ ሾርባ በድስት ይዘው፣ እኔ ጡቴ አግቶ ቀሚሴን እያረሰው፣ መጋዘኑ በር ላይ ደረስን። ባዶ ነው። ዘበኛው፣ "ሳይነጋ ተጭነዋል" አለን።

"ወዴት?"

"የበላይ አካል ያውቃል።"

ቀበሌ ሄደን ጠየቅን። ሊቀመንበሩ፣ "ነገር አታብዙ፣ ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል" አለ። ሐጂ ድስቱን እንደታቀፉ ቆመው ቀሩ። እኔስ ምን ላድርግ? ካሚዮን በእግሬ ላባርር? ቤቴ ገብቼ የሱን ድርሻ እያለቀስኩ መሬት ላይ አለብኩት። ሰንብቶ በቀበሌ ስብሰባ፣ "በሬ አርደን፣ አጥግበን ሸኘናቸው" ተብሎ ሲነገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያልበሉትን በሬ!

ልጄ አድጋ፣ "የማገባው እሱን ነው" ብላ አንድ ወጣት ይዛ መጣች። አባቷ ሥራውን ጠየቀው። እኔ ግን ከአፌ የወጣው፣ "የት ተወለድክ? ማን አጠባህ?" የሚል ነበር። ልጄ አፍራ መሬት ልትገባ ደረሰች።

ልጁም ግራ ገብቶት፣ "እዚሁ አዋሳ ነው የተወለድኩት። ያጠባችኝም እናቴ ናት" አለ።

ወንድሟ አይደለምና እልል ማለት ነበረብኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።